ወንድምዎ የመጀመሪያው ታካሚዎ አይሁን

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ሲሆኑ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመርቀው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ እንደሚሠሩ ገልጸዋል። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ዋናውን ብቻ አቀርባለሁ፦

«ታላቅ ወንድሜ ከስድስት ዓመት በላይ ቀን ጫት ሲቅም፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር፣ ለጨብሲ እያለ አረቄ ሲጠጣ ኖረ። ባለፈው ዓመት በራሱ ጊዜ ‹በቃኝ› ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቀን አቆመ። በሦስተኛው ሌሊት ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ በግድግዳው ላይ ሰዎች ይታዩኛል እያለ ሲጮህ አደረ። እኛም ዱካክ ነው ብለን ጸበል ረጨነው፤ እናቴም እስኪነጋ ይዛው አደረች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ፤ ይኸው ስምንት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ሌላ ሥራ አልታይሽ አለኝ፤ በሱስ የተያዙ ሰዎችን የሚደግፍ ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ። በቴሌግራም ያየሁት አንድ ማስታወቂያ በስድስት ሳምንት ‹ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው የሱስ አማካሪነት ዲፕሎማ› እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ክፍያው የሦስት ወር ደመወዜን ይወስዳል። ልክፈል? ወይስ እንደገና ከሀ ልጀምር? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በዚህ ሙያ እንጀራ ይገኛል? እናቴ ‹ሱሰኛ ስትሰበስቢ ማን ያገባሻል› ትለኛለች። እስከዚያው ወንድሜን እኔው እየተከታተልኩ ልምድ ላግኝበት ብዬ አስቤያለሁ።»

ውድ ጠያቂዬ፤

ዕድሜዎን ሳየው «አንቺ» ልልዎት ቃጥቶኝ ነበር፤ የዓምዱ ደንብ ግን አንቱታ ነውና በእሱው እቀጥላለሁ። ስለ ክፍያውና ስለ ትምህርቱ ከመመለሴ በፊት ስለዚያች ሦስተኛ ሌሊት መናገር አለብኝ፤ ሊማሩት የፈለጉት ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት እዚያች ሌሊት ውስጥ ተቀምጧልና።

ዱካክ የሚባለው ጫት ያቆመ ወይም ቀን የዘለለ ቃሚ በእንቅልፉ የሚመጣበት የሚያስጨንቅ ቅዠት ነው። ያስፈራል፣ ያባንናል፤ ሰውየው ሲነቃ ግን ቤቱን ቤቴ፣ እናቱን እናቴ ይላል። ጫት ማቆም ከዚህ ሌላ ድካም፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ብዛትና ሐራራ ያመጣል እንጂ መቆሙ በራሱ ሰው አይገድልም። አረቄ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉም የሚከፋው ሊከተል ይችላል፤ ሰውየው ዓይኑ ተገልጦ ሳለ የሌለ ነገር ያያል፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ትኩሳት ይነሣበታል፣ የልቡ ምት ይፈጥናል። ይህ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለበት ሕመም ነው፤ ሳይታከም ሲቀር ሊገድል ይችላል። ከጻፉት እንደምረዳው ወንድምዎን ያገኘው ይኸኛው እንጂ ዱካክ አይመስለኝም። ሆስፒታል ቢደርስ ኖሮ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ተሰጥቶት መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ይወጣ ነበር፤ ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ 1 ደግሞ ግሉኮስ ከመተከሉ በፊት ይሰጠዋል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንጎልን የሚጎዳ ሌላ ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ጸበሉም ሐኪሙም በአንድ ሌሊት ሊኖሩ ይችሉ ነበር ማለቴ ነው።

ይህን የምነግርዎት እናትዎን ወይም እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደሴ ላይ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ፣ ዱካክ ነው ተብሎ ቤት ከርሞ በመጨረሻ በቃሬዛ የመጣ ሰው ከአንድም ሁለት ጊዜ ተቀብያለሁ። ነገሩ ግን የሙያውን ወሰን ያሳያል። የሱስና የማኅበረሰብ ድጋፍ ሠራተኛ መድኃኒት አያዝም፣ ሕመም በስም አይሰይምም፤ የትኛው ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያቆም እንደሚችልና የትኛው ያለ ሐኪም አንድ ቀን እንኳ ማቆም እንደሌለበት ለይቶ፣ ሁለተኛውን ሰው በሰዓቱ ጤና ተቋም ማድረስ ግን ዋና ሥራው ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው «ነገ አረቄ ላቆም ነው» ሲልዎት «ጎሽ» ከማለትዎ በፊት በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነና ከዚህ ቀደም ሲያቆም ምን እንደገጠመው ይጠይቁት።

ወደ ወንድምዎ ልለፍ። «እኔው እየተከታተልኩ ልምድ ላግኝበት» ያሉትን እባክዎ ይተዉት። ስምንት ወር ትልቅ ነገር ነው፤ ማገርሸት ግን እንደ ስኳርና እንደ ደም ብዛት ሁሉ የዚህ ሕመም ጠባይ ነው። ወንድምዎ አንድ ቀን አንድ መለኪያ ቢቀምስ ማን ዘንድ ሄዶ የሚናገር ይመስልዎታል? ለአንድ ነርስ ይናገር ይሆናል፤ ስምንት ወር ሙሉ በእሱ መዳን ላይ ሕይወቷን ልትተክል ለተነሣች እህቱ ግን አይናገርም፤ ያፍራል፣ ይደብቃል፣ የደበቀውን ለመሸፈን ደግሞ ይጠጣል። እርስዎም ቢሆኑ ወሬውን ሲሰሙ እንደ ባለሙያ «መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በፊት ምን ተሰምቶህ ነበር» ብለው አይጠይቁም፤ ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ደግሞም ልክ ነዎት፣ እህት ነዎትና። የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ወይም በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ከሌላ ሰው ጋር ይከታተል። በቤት ውስጥ ደግሞ አፉን ማሽተት፣ ኪሱን መፈተሽ፣ ማታ ሲገባ ዓይኑን መመርመር ይቅር። የሚከታተለው ባለሙያ ሌላ ቦታ ይገኝለታል፤ እህት ግን ከእርስዎ ሌላ የለውም።

የማስታወቂያውን ነገር ባጭሩ ልመልስ፦ አይክፈሉ። ይህ ሙያ ራሱን ችሎ በኮሌጅ በሚሰጥባቸው እንደ ካናዳ ባሉ አገሮች ትምህርቱ እንደየኮሌጁ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያም ውስጥ ተማሪው በማገገሚያ ማዕከል ወይም በመጠለያ ውስጥ በባለሙያ ዓይን ሥር የሚለማመድበት ጊዜ አለው። በስድስት ሳምንት በስልክ የሚያልቅ «ዲፕሎማ» ማን እንዳጸደቀው ይጠይቋቸው፤ አገር ውስጥ ተቋምም ሆነ የውጭ ማስረጃ የሚመዝነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ለመማሪያነትም ቢሆን መክፈል አያስፈልግዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው የሕክምና መመሪያ፣ ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ዕፆች ያለውን ምዕራፍ ጨምሮ፣ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። ኢሱፕ የተባለው የሱስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም በራስ ጊዜ የሚጠኑ ኮርሶችን በነጻ ያቀርባል። እነዚህን አንብበው ከጨረሱ ከስድስት ሳምንቱ «ዲፕሎማ» የበለጠ ያውቃሉ፤ ይሁንና እነሱም ቢሆኑ ብቻቸውን ባለሙያ አያደርጉዎትም።

ከሀ መጀመር አለብኝ ወይ ላሉት፣ አይመስለኝም። በአገራችን «የሱስ ባለሙያ» የሚል የተለየ በር የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባው በሌላ ሙያ ላይ ቆሞ ነው። አንዱ በር ጤና ነው፤ የሳይካትሪ ነርስነት፣ ከዚያ ወደ ላይ ደግሞ የተቀናጀ የክሊኒክና የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና የሚባለው ሁለተኛ ዲግሪ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ደሴ ላይ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። ይህ በር ግን የጤና መነሻ ለሌለው ሰው በእርግጥም ከሀ መጀመር ነው፤ ሌላ አራት ዓመት አካባቢ፣ ከዚያም የመውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ። ሁለተኛው በር ሥነ ልቦና ነው። ሦስተኛውና ለእርስዎ ቅርብ የሚመስለኝ ሶሻል ወርክ ነው። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ዳግም የተከፈተ ነው፤ ከሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች የተመረቁ ሰዎችንም ሲያስተምር ኖሯል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ያስተምራል። ሶሲዮሎጂ የተማረ ሰው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ድህነትና ስለ መገለል ያነበበው ሁሉ እዚያ ይጠቅመዋል፤ የሚጎድለው አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ማነጋገር ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ሥራዎን ሳይለቁ መዘጋጀት ይችላሉ። የሚያመለክቱበትን ትምህርት ክፍል ግን አስቀድመው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ የመስክ ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው፣ ተማሪውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርዎት ወደምፈልገው ደረስኩ፤ ትምህርቱ ምን እንደሚያስተምርዎት፣ በተለይም ምን እንደሚያስረሳዎት።

እኛ መምከር የለመድን ሰዎች ነን። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለን የምክሩንም የመከራውንም ተራ አስቀምጠናል። (ይህን የሚጽፈው በየሳምንቱ ምክር የሚሰጥ ሰው መሆኑን አልዘነጋሁም፤ እርስዎ ግን ጠይቀውኛል።) ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ በሚሌ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ሚስቱ አምጥታው ፊቴ ተቀመጠ። ጫት ጨጓራውን እንደሚጎዳ፣ እንቅልፉን እንደሚነሣው፣ የልጆቹን ጉሮሮ እንደሚዘጋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «እሺ እህቴ፣ እሺ፣ ኢንሻ አላህ» አለኝና ወጣ፤ ዳግም አላየሁትም። በሥራዬ ያን ቀን ረክቼ እንደነበር ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። የወሎ ሰው በሰው ፊት እምቢ አይልም፤ «እሺ» ብዙ ጊዜ በሩን በአክብሮት መዝጊያ ነው። የሰውየውን እሺታ ስምምነት አድርጎ የሚቆጥር ሠራተኛ ዓመት ሙሉ እሺታ ሰብስቦ አንድ ሰው ሳይለወጥ ሊከርም ይችላል።

ዊልያም ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ ያስተዋወቀውና በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው የማነጋገሪያ ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። አብዛኛው ሱሰኛ ስለ ሱሱ ሁለት ልብ አለው፤ ማቆም ይፈልጋል፣ ማቆም አይፈልግም። እርስዎ የማቆምን ወገን ይዘው ሲሟገቱለት ለእሱ የሚቀረው የሌላው ወገን ጠበቃ መሆን ነው፤ እየተሟገተ በሄደ ቁጥርም የራሱን ክርክር ራሱ ያምነዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል፤ የለውጡን ቃል የሚያወጣው ሰውየው ራሱ እንዲሆን ይጠብቃል። ያ ሾፌር ዛሬ ቢመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ጫቱ ምን ይጠቅምሃል?» ብዬ ነው። ሊመልስልኝ የሚችለውን ከሌሎች ሾፌሮች በኋላ ሰምቼዋለሁ፤ ሌሊት ካልቃመ መኪናውን ገደል እንደሚከተው፣ ባለንብረቱ የጉዞውን ቀን እየቆጠረ ስልክ እንደሚደውል፣ ከወደብ ተመልሶ ሲያርፍ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው ምርቃናውን ለመስበር እንደሚጠጣ። ያን ጊዜ ሥራው የት እንዳለ ይታያል። «ታዲያ ምን ያሳስብሃል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መልሱም ከእኔ የጨጓራ ስብከት ይልቅ «ትንሿ ልጄ ስገባ ትሸሸኛለች» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህን ማነጋገር ከንባብ አያገኙትም። ሌላ ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ «እዚህ ጋ አቋረጥሽው፣ እዚህ ጋ ፈረድሽበት» እያለ ሊያርምዎት ይገባል፤ ሥልጠና መረጥኩ የሚሉት ይህን የሚያደርግልዎት ሰው ሲያገኙ ነው።

መለካትም ይማራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአልኮል መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ሲሆን 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ ሆኖ ይታያል። ችግሩ መጠይቁ የሚቆጥረው በመደበኛ መጠን፣ ማለትም በ10 ግራም ንጹሕ አልኮል መሆኑ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ የሚቆጥረው በመለኪያ፣ በብርሌና በጣሳ ነው። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ 32 ሚሊ ሊትር ያህሉ አንድ መደበኛ መጠን ይሆናል፤ 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ግን 13 ግራም ይዟልና ከአንድ ያልፋል። የቤት አረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ በሰፈርዎ ያለውን መለኪያ አንዱን ተውሰው በሲሪንጅ ውሃ እየሞሉ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ራስዎ ይለኩት። «ሦስት ብቻ ነው የምጠጣው» የሚለው ሰው ምን እንደነገረዎት የሚገባዎት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር ልበል፤ በእኛ ከተሞች ከመጽሐፉ የሚለይበት ነገር አለውና። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፣ በሐረጎ ጥምዝ ላይ በሚኒባስ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ይመስላል። እርስዎ የሱስ ሠራተኛ መሆንዎ ከታወቀ፣ ፒያሳ ላይ አቅፈው የሳሙት ሰው ሁሉ «እሱም?» ይባላል። ሰላምታ መንፈግ ደግሞ በእኛ አገር ጠብ ነው። መላው ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለተገልጋይዎ «መንገድ ላይ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልህም፤ አንተ ካልከኝ እመልሳለሁ» ብለው ያስረዱት። ብዙዎች በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ዘና ሲሉ አይቻለሁ።

የሃይማኖቱን ነገርም በጥንቃቄ ይያዙት። ወሎ ውስጥ ጫት በዱዓና በወዳጃ (በጋራ የጸሎት ጉባኤ) ላይ የሚቀርብ፣ ቡናውም እስከ በረካ የሚጠጣበት ነገር ነው፤ የሚቅሙትን ሁሉ በአንድ ቃል «ሱሰኛ» ብሎ የጀመረ ሠራተኛ ሽማግሌዎቹን በአንድ ቀን ያጣቸዋል። ለዱዓ ብቻ የሚቅም ሰው አለ፤ በዱዓ ስም ሐራራውን የሚያስታግስም አለ፤ ልዩነቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰውየው ራሱ ነው፣ ከተጠየቀ።

ከባድ ጥያቄ መጠየቅም ይማራሉ። ሰው «ሕይወት ሰልችቶኛል» ሲል ብዙዎቻችን «ኧረ እንዲህ አይባልም» ብለን እናልፋለን። ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ሰሚ እንዳገኘ ያሳየዋል፤ «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉትም፣ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሄዳሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ካዳረሰ በኋላ መጠጥ የጀመሩ ወይም ያበዙ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ከእነሱ ጋር ሲቀመጡ ከመጠጡ ሥር ሌላ ታሪክ ይወጣል። ያን ሁሉ ሰምቶ ቤት የሚገባ ሠራተኛ እሱም ሰሚ ያስፈልገዋልና፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚያነጋግርዎ የበላይ ባለሙያ የሌለበትን ሥራ ደመወዙ ቢያምርም ሁለት ጊዜ ያስቡበት።

እንጀራውስ? እውነቱን ልንገርዎት፤ «የሱስ ድጋፍ ሠራተኛ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ በከተማው ሰሌዳ ላይ ሲጠብቁ ይከርማሉ። ያለው ሥራ በሌላ ስም ነው፤ የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ፣ የጉዳይ ተከታታይ፣ የማኅበረሰብ አስተባባሪ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በፕሮጀክት የሚመጡ ናቸው፤ በጀቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ስለዚህ መሠረትዎ ሰፊ ዲግሪ ይሁን፣ ሱሱ ደግሞ በላዩ የሚጨምሩት ልዩ ዕውቀት ይሁን የምለው ለዚህ ነው። በጠባቡ ከጀመሩ ጠባቡ ሲዘጋ መውጫ ያጣሉ።

አሁን ያሉበት ወንበርም አንድ ችግር አለው። የሠራተኛ አስተዳደር ሰው ነዎት፤ የቀሪ መዝገቡ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውና የስንብቱ ወረቀት በእጅዎ ያልፋል። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለፋብሪካው ሠራተኞች አማካሪ ልሁን ቢሉ ማንም እውነቱን አይነግርዎትም፣ መንገርም የለበትም። ወንበሩ የሚችለው ሌላ ነገር አለ። ሰኞ ሰኞ የሚቀር ወይም በሥራ ላይ መጠጥ ሸትቶ የተገኘ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት ወደ ሕክምና እንዲላክ፣ ለሕክምና የሄደበት ቀንም እንደ ቀሪ እንዳይቆጠርበት የሚል አንድ አንቀጽ በውስጥ ደንቡ እንዲገባ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ከአዳዲስ ሠራተኞቻችሁ መካከል እዚህ ዕድሜ ላይ ያልደረሱ ካሉ፣ በፋብሪካው በዓል ላይ የሚቀርበው ቢራም በእርስዎ ክፍል በኩል ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ልምድ ፍለጋውን ወደ ቅሬዎ ይውሰዱት። ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ በእኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ነው፤ መጠጥ የበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚያቋርጠው የቅሬውን መዋጮ ነው፣ ከዚያ ቀብር ላይ መገኘቱን ያቋርጣል፣ በመጨረሻ ስሙ ይሰረዛል። ያገገመ ሰው ደግሞ ሐራራው ከለቀቀው በኋላ ከሁሉ የሚከብደው ባዶው ምሽትና ፊቱን ያዞረበት ሰፈር ነው። ስሙ ተሰርዞ የነበረ ሰው ያለ ብዙ ቅጣት ወደ መዝገቡ የሚመለስበትን መንገድ ከቅሬው መሪዎች ጋር ቢመክሩበት፣ ትምህርት ቤት ከመግባትዎ በፊት የማኅበረሰብ ድጋፍ የሚባለውን ሥራ ጀምረዋል። የማንንም ስም ግን አያንሡ፤ ደንቡን ብቻ ይነጋገሩበት።

የቀሩት እናትዎ ናቸው። «ማን ያገባሻል» ያሉትን እንደ ተቃውሞ ብቻ አልሰማሁትም። ያችን ሌሊት ልጃቸውን ይዘው ያደሩ ሴት፣ ሴት ልጃቸው ዕድሜ ልኳን እንዲህ ያሉ ሌሊቶችን ልትፈልግ ስትወጣ ቢያዩ መፍራታቸው አያስገርመኝም። ስለዚህ አይከራከሯቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናው ሲቀርብ አጠገባቸው ይቀመጡና፣ ስለ ወንድምዎ ሳይሆን ስለ እሳቸው ይጠይቋቸው፤ ያን ሌሊት ምን ፈሩ፣ ማንን ልጥራ ብለው አሰቡ፣ ለምን ሳይጠሩ ቀሩ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ያደረጉት ነገር አለ ወይ፣ በማግስቱስ ለሰው ምን አሉ? እሳቸው ሲናገሩ «እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ» አይበሉ፣ አያጽናኑ፣ ስለ አልኮልም አያስረዱ፤ ዝም ሲሉ አብረው ዝም ይበሉ። ማታ ክፍልዎ ሲገቡ የሰሙትን በእሳቸው ቃል ይጻፉት፤ በወረቀቱ ላይ የእርስዎ ምክር ስንት ቦታ ሾልኮ እንደገባ ያስምሩበት። ሁለተኛ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ከፈቀዱ የእናትዎን ታሪክ አይላኩልኝ፤ ያሰመሩበትን ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ።